የጀማል ዙም አሥራ ሁለት እጥፍ

ጀማል ዙም መሞቱን የሰማሁት በዋትስአፕ ነው። ሐርጌሳ ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ግሩፕ አለን፤ የሚከራይ ቤት፣ ከጅግጅጋ የሚመጣ ዕቃ፣ የጠፋ ፓስፖርት የሚለጠፍበት። አንድ ጠዋት ስከፍተው ከላይ እስከ ታች "ኢና ሊላሂ" ሆኗል። በሕይወት እያለ ሲስቁበት የኖሩት ሁሉ "ደግ ሰው ነበር"፣ "ባለሙያ ነበር" ይላሉ። አንዱማ "የሐርጌሳ የፎቶ አባት" ብሎ ጻፈለት። እኔ ባለሙያ ነበር ካልኩ ምላሴ ይቆረጥ። አላህ ይዘንለትና፣ በማያውቀው ነገር እንደ እሱ የሚኮራ ሰው በሕይወቴ አልገጠመኝም። በንቀቴ ልክ ብረሳው ኖሮ ገና ድሮ ረስቼው ነበር። አልረሳሁትም።

ጀማል የወሎ ሰው ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ከአንድ ሻይ ቤት ጎን ባለ አንድ በር ፎቶ ቤት ነበረው። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ ሰርግ ሲጠሩት ይሄዳል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላል፤ ክረምት ከበጋ ኪስ የበዛበት ሰደርያ አይለየውም። አንድ ቀን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ኪሶች ነበሩት፣ አሥሩ ባዶ። አዲስ አበባ በጋዜጣ ፎቶ አንሺነት ሠርቻለሁ ይላል። የትኛው ጋዜጣ ሲሉት "እሱ እኮ ተዘግቷል" ይላል። ሌላ ጊዜ ሲጠይቁት ሌላ የተዘጋ ጋዜጣ ይጠራል።

እኔ ሰዓዳ ነኝ። ወላጆቼ የዚሁ የሐርጌሳ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ያደግኩትም የተማርኩትም ድሬዳዋ ነው። ያኔ፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ሐርጌሳ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። ድሬ ላይ ለትልቁም ለትንሹም "አንተ" ነው፤ ጀማል ይህን ሊለምደው አልቻለም።

"ጋሽ ጀማል በይ እንጂ፣ በነቢ!" ይለኛል።

"እሺ አንተ ጋሽ ጀማል" እለዋለሁ።

ስም ያወጣችለት ካሜራው ናት። አንድ ነጋዴ ከዱባይ አንድ ካርቶን ያገለገሉ ዲጂታል ካሜራዎች አመጣ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ብርማ ፕላስቲክ፣ አፍንጫዋ ወደፊት የሚወጣ፣ ግንባሯ ላይ በወርቃማ ቀለም "12" እና "ዙም" የሚል የተጻፈባት። ጀማል የመጀመሪያውን ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ስለ አሥራ ሁለት እጥፍ ነበር የሚያወራው። ሱማሌ ደግሞ ቅጽል ስም ሲያወጣ አይራራም፤ አንካሳውን አንካሳ፣ አንድ ዓይናውን አንድ ዓይና ብሎ ይጠራል፣ የተጠራውም አቤት ይላል። ጀማልን "ጀማል ዙም" አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ቅር ይለው ነበር። እሱ በሩ ላይ በቀይ ቀለም አስጻፈው።

አንድ አባባል ነበረው፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም የሚደጋግመው። "ፎቶ አንሺ የሚያራምደው እግሩን አይደለም፣ ጣቱን ነው።" ሲናገረው የቀኝ እጁን ጣት አየር ላይ ያንቀሳቅሳል። የአባባሉን ምንጭ ሰው ሁሉ ያውቃል። ካሜራዋን ከመግዛቱ በፊት ኮድቡር ሰፈር ኒካህ ላይ ጠርተውት፣ በተቀመጡት ሽማግሌዎች መሃል እየተሹለከለከ ሲያነሳ አንዱ ሽማግሌ በከዘራ ቁርጭምጭሚቱን ብሎታል። ሁለት ሳምንት አነከሰ። ከዚያ በኋላ ሰው አጠገብ መቅረብ ፈራ። ዙሟ ስትመጣለት ፍርሃቱን ወስዶ ሥርዓት አደረገው። "እኔ ሰው አክብሬ ነው የማነሳ፤ ሴት ፊት አልቆም፣ ሽማግሌ አልረግጥ" ይላል። ሰውም አመነው። አክባሪ ተባለ።

ማክበሩ ግን እስከ ሰርግ ነው። ገበያ ውስጥ ፎቶ መነሳት የማይወዱ ሴቶች አሉ፤ ካሜራ ሲያዩ "ሃ ኢ ሳዊሪን!" ብለው ይጮሃሉ፤ አታንሳኝ ማለታቸው ነው። ጀማል ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ጀርባ ተደብቆ ያነሳቸዋል። "አላዩኝም እኮ፣ ምን ተበደሉ?" ይላል። አንድ ቀን አንዷ አየችው፤ በቲማቲም መታችው። ቲማቲሙ ደረቱ ላይ እንደፈረጠ ሻይ ቤቱ ገባ፤ ሲጠርግ እንኳ ስለ ርቀቱ ነበር የሚያወራው። ሃያ ሜትር ነበር፣ ሠላሳ ሜትር ነበር። እኔ ሴትየዋ ድንጋይ ባለመያዟ አዘንኩ።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ እኔም ካሜራዋን ገዛሁ። ማን እንዳሳመነኝ መናገር ያሳፍረኛል። "አብሽሪ፣ ከዚህ ሆነሽ የናሳ ሀብሎድን ድንጋይ ትቆጥሪያለሽ" አለኝ፤ ከከተማው ውጪ ስላሉት ስለ ሁለቱ መንታ ኮረብቶች ነው። እኔም ጅል ሆንኩና ገዛሁ።

ካርቶኑ ውስጥ የነበሩትን ሌሎች የገዙ ሰዎች በወር ጊዜ ውስጥ ለልጆቻቸው መጫወቻ ሰጧቸው። አልፈርድባቸውም። ካሜራዋ አራት ባትሪ ትበላለች፤ ትበላለች ያልኩት አውቄ ነው፣ ጠዋት ያስገባሽላትን ለዙህር አታደርስም። ቁልፉን ስትጫኚ ወዲያው አታነሳም፤ ታስባለች። ሰው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ፈገግታው ሲደክመውና ፊቱን ሲያዞር ያኔ ቀጭ ትላለች። የእህቴን ልጆች ሃያ ጊዜ አነሳኋቸው፤ ሃያ ማጅራት ነው ያገኘሁት። ናሳ ሀብሎድንም ከጣሪያችን ላይ እስከ መጨረሻው ስቤ አነሳሁ። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ኮረብታም ድንጋይም የለም፤ ቡናማ ካሬዎች ተደርድረዋል።

ከካሜራዋ ጋር ትንሽ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረች። ጸሐፊ ስለሆንኩ ማንበብ አይከብደኝም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኳት። ነገሩ ግልጽ ነው። ዙም ስታደርጊ ስክሪኑ ላይ አንድ ዘንግ ይታያል፤ መሃሉ ላይ መስመር አለው። እስከ መስመሩ ድረስ የሚያቀርበው መስታወቱ ነው፤ እውነተኛ ነው፣ ሦስት እጥፍ። ከመስመሩ ወዲያ መስታወቱ አልቋል። ካሜራዋ የምታደርገው የሥዕሉን መሃል ቆርጣ መለጠጥ ነው፣ አራት እጥፍ። ሦስት በአራት፣ አሥራ ሁለት። ወርቃማው ቁጥር ይሄ ነው። መስመሩ ላይ ስትደርስ ካሜራዋ ትንሽ ቆም ትላለች፤ ከዚህ ወዲያ በራስሽ ፈቃድ ነው የምትሄጂው እንደማለት። ጀማልም መቆሟን አስተውሎ ነበር። "ትንፋሽ እየወሰደች ነው" ይል ነበር፤ ከዚያ ጣቱን ጫን አድርጎ ያሳልፋታል።

መጽሐፏን ይዤ ሻይ ቤቱ ሄድኩ። በቅንነት ነበር የሄድኩት፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

"ጀማል፣ አሥራ ሁለት የሚለው ውሸት ነው" አልኩት።

"ምን አልሽ?"

"እውነቱ ሦስቱ ነው። ሌላው መለጠጥ ነው። ከመስመሩ ወዲያ አታሳልፋት፣ ይልቅ አንተ ጠጋ በል። ፎቶ ኮፒ ማሽንህ ላይ ጉርድ ፎቶ አስገብተህ አሳድግ ብትለው ያልነበረ ቅንድብ ያመጣልሃል? ይኸው ነው።"

ሻዩን አስቀመጠ። አራት አምስት ሰው ነበር የሚሰማው፣ ወደ እነሱ ዞረ። "ስሙ ጎበዝ! እኔ ጋዜጣ ላይ ስሠራ ይቺ ልጅ ገና ፊደል አልቆጠረችም። ዛሬ መጽሐፍ አንብባ ካሜራ ልታስተምረኝ መጣች! ኧረ ኢንጂነር! ኧረ ኢንጂነሯ!"

ሳቁ። በሱማሌኛም ተረጎሙትና የቀሩትም ሳቁ። በሳምንቱ የባጃጅ ሹፌሮች "ኢንጂነር፣ የት ልውሰድሽ?" ይሉኝ ጀመር። የቢሮአችን ዘበኛ ሳይቀር በሩን ሲከፍትልኝ "ኢንጂነር" አለ። ቅጽል ስም እዚህ ከተማ ላይ አንዴ ከተለጠፈ አይላጥም፤ ዛሬም በዚያው የሚጠሩኝ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ይያዝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ለጀማል አንዲት ነገር ላልነግረው ማልኩ።

ካሬዎቹንም ደንበኞቹ ማየት ጀምረው ነበር። አልበም ላይ ፎቶውን ጠጋ አድርገው ሲያዩ የሙሽራዋ ጉንጭ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ መስሏል። "ጀማል፣ ይሄ ምንድን ነው?" ሲሉት ምን ይላል? "ዲጂታል ማለት ይሄ ነው! ፊልም ቢሆን ካሬ አይኖረውም ነበር። ካሬ ካላየሽ አታለውሻል ማለት ነው።" ሰዎቹም አምነው፣ እንዲያውም ተደስተው ይሄዳሉ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ጀማል ለቅልቆ ሲያበቃ ሽቶ ነው ይላል።

እስካሁን ያወራሁት የሚያስቅ ነው። ፋቲያ ስትመጣ ግን አያስቅም።

ፋቲያ የሐረር ልጅ ናት፤ ሼክ ኑር ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ዲራዕ፣ የሱማሌ ሴቶች የሚለብሱትን ስስና ሰፊ ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ጓደኛዬ ነበረች። ሐረር ላይ በአንድ ሰፈር አብሯት ያደገ ሙኽታር የሚባል ልጅ ነበር፤ በባሕር አውሮፓ ገብቶ፣ ስንት ዓመት ተንከራትቶ ወረቀት አግኝቷል። ሊያገባት ሐርጌሳ መጣ። ከሥራ የተፈቀደለት ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ወረቀት ሲያሯሩጥ አለቀ። ኒካሁ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፋይሉ አዲስ አበባ ላለ ኤምባሲ ይገባል። ኤምባሲው ደግሞ የኒካህ ወረቀት ብቻ አይበቃውም፤ ሁለቱ አብረው፣ ከሰው ጋር፣ ፊታቸው በግልጽ የሚታይበት የሰርግ ፎቶ ይፈልጋል። ጋብቻው ለወረቀት ብቻ አለመሆኑን የሚያይበት ነው። ያ ፎቶ ለፋቲያ ማስታወሻ አልነበረም፣ መሄጃዋ ነበር። ሃያ ጊዜ ነግራኛለች።

ፎቶ አንሺውን የመረጠው የሙኽታር አጎት ነው። "ጀማል ዙም ይሁን፣ ሴት መሃል የማይጋፋ፣ አክባሪ ሰው ነው" አለ።

የእኛ ሰርግ እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ ልናገር። ኒካሁ የወንዶች ነው፤ ሙሽራዋ አትገኝም፣ ወኪሏ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ እዚያ ሙሽሮቹ አብረው የሚነሱት ፎቶ የለም። ከሰዓት በኋላ የሴቶች ድግስ በአዳራሽ ይሆናል። ሴቱ ሁሉ ጸጉሩን ገልጦ፣ አጊጦ ስለሚጨፍር ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፤ አንዲት ልጅ በዘንቢል ትቀበላለች። ሙሽራው ለአሥር ደቂቃ ያህል ከሚዜው ጋር ይገባል፤ ያኔ ሴቶቹ ይከናነባሉ፣ ወንድ ፎቶ አንሺም እንዲገባ ይፈቀድለታል። ሙሽራው ከሙሽራዋ ጎን ይቀመጣል፣ ቀለበት ያስራል፣ ይወጣል። ያ ብቻ ነው። የፋቲያ መሄጃ ያቺ አሥር ደቂቃ ነበረች።

ኮድቡር ካሉት አዳራሾች በአንዱ ነበር። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። ስልኬን ዘንቢሉ ውስጥ ጥያለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን ካሜራ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ሙሽራው ገባ። መድረኩ ከበሩ ሃያ እርምጃ ይሆናል። ጀማል በሩ ላይ ቆሞ ወደ መድረኩ አየ፣ ወደ ሴቶቹ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር ያናገረኝ፣ ኢንጂነርም አላለኝም።

"ሰዓዳ፣ አንቺ ሴት ነሽ። ይችን ይዘሽ ጠጋ ብለሽ ታነሺልኛለሽ?"

ይህን ጥያቄ ወር ሙሉ ስጠብቀው እንደኖርኩ ያወቅኩት ሲጠይቀኝ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በዙሪያዬ ያሉት እንዲሰሙ፣ "አንተ እያለህ? ፎቶ አንሺ የሚያራምደው ጣቱን አይደል እንዴ?" አልኩት።

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሌላ ምን ያደርጋል። ካሜራዋን አነሳ። ከትከሻው ጀርባ ሆኜ ስክሪኑን አያለሁ። ዘንጉ ሮጦ መሃል ደረሰ፣ ቆመ። ከዚያ ጣቱን ጫን አደረገ፣ መስመሩን አለፈ፣ እስከ መጨረሻው ሄደ። አነሳ። እንደገና አነሳ። ፋቲያና ሙኽታር በአውራ ጣት በምታክል ስክሪን ላይ ቆንጆ ሆነው ታዩ፤ በዚያች ስክሪን ማንም ቆንጆ ነው። ዞሮ አሳየኝ።

"እንዴት ነው?"

"ማሻአላህ" አልኩት።

ፋቲያ ከመድረኩ ላይ ወደ እኛ ታይ ነበር። እጇን ማንሳት ስለማይፈቀድላት በዓይኗ ነው የጠየቀችኝ። ጥሩ ነው ለማለት ራሴን ነቀነቅኩላት።

ለምን? ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ሰው ሁሉ አይቶት ጀማል ይዋረዳል ብዬ ነው። የኤምባሲው ነገር ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል። ሁለት ቀን አላቸው፣ እኔ ራሴ ነገ ቤታቸው ሄጄ አነሳቸዋለሁ ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ሙኽታር ከአጎቱ ጋር ዘመድ ሊሰናበት ቡርዖ ከተማ ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን። ፎቶዎቹ የታተሙት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ፋቲያ ፊቷን በፎቶው ላይ ስትፈልግ፣ ጀማል ስለ ዲጂታል ያንኑ ስብከት ሰበከላት፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ነቀዘ።

ከሰባት ወር በኋላ ፋቲያ የኤምባሲውን ደብዳቤ ይዛ ቢሮዬ መጣች፣ እንድተረጉምላት። በቀረቡት ፎቶግራፎች ላይ ያሉት ሰዎች ማንነት ሊለይ አልቻለም ይላል። በሁለት ወር ውስጥ ተጨማሪ ማስረጃ ካልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል ይላል። ሙኽታር ደግሞ ከዓመት በፊት ከሥራው ፈቃድ አያገኝም።

"ማንነት አልተለየም ማለት ምን ማለት ነው?" አለችኝ። "እኔ አይደለሁም ማለታቸው ነው?"

ወደ ጀማል ሄድን። ደብዳቤውን ስነግረው አልደነገጠም። "አብሽሪ ፋቲያ፣ አሳድጌ አትምልሻለሁ፣ ያኔ ይለዩሻል" አለና ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። አሳደገው። ፊቷ ካሬ ካሬ ሆነ። "አሁን ይመጣል" ብሎ እንደገና አሳደገው። ዓይኗ ሁለት ጥቁር ካሬ ሆነ፣ አፏ ጠፋ። እንደገና ተጫነ፤ ስክሪኑ ላይ የቀረው የሥጋ ቀለም ያለው ነገር ብቻ ነበር። ወደ ኋላ መለሰው። ከፋቲያ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር ኮት የለበሱ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ባሏ፣ አንዱ ሚዜው።

ፋቲያ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። "ሙኽታር የቱ ነው?" አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ያጣ ጀማልን አየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጓደኛዬ አጠገቤ እያለቀሰች ደስ አለኝ።

ሦስት ቀን ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ሸሸ ተባለ። "ካሜራው አሥራ ሁለት እጥፍ አርቆት ሄደ" እያሉ ሻይ ቤት ሳቁ፤ ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቢሮዬ መጣ። ሰደርያው የለም፤ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ወንበር ስሰጠው ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

"በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ለኤምባሲው" አለ። "እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አንቺ ገልብጪው።"

ጀመረ። "እኔ ጀማል እንድሪስ፣ በሐርጌሳ ከተማ እጅግ ስመ ጥር የሆንኩ ፎቶግራፍ አንሺ..." አለ። በውስጤ ተሳልቄ ጻፍኩ። መልሶ "ስመ ጥሩን አጥፊው" አለ። አጠፋሁት። "ፎቶ አንሺም አትበይ። በዚህ ሰርግ ላይ ፎቶ ያነሳሁ ሰው በይ።" ያንንም አስተካከልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መሬት መሬት እያየ ነበር የተናገረው። "ሙሽሮቹ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ካስፈለገም እምላለሁ። ፎቶው የተበላሸው በእኔ ጥፋት ነው። ካሜራዬን አላውቃትም ነበር። መቅረብ ሲገባኝ አልቀረብኩም። በእኔ አለማወቅ ልጅቷ ከባሏ አትለይ።"

ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳየው እንኳ አልራራሁለትም፤ ይበልህ ነበር የምለው።

"አንድ ነገር ጨምሪ" አለኝ። "በቦታው ስለ ካሜራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ይነግረኝ ነበር።"

እጄ ቆመ።

"ምነው? በእንግሊዝኛ አይሆንም?"

ፊቱን አየሁት። እየተሳለቀብኝ እንደሆነ ፈለግኩ፤ ምንም የለም። መጽሐፏን ይዤ ሻይ ቤት የሄድኩበትን ቀን ጨርሶ ረስቶታል። ለእሱ ቀልድ ነበር። ቀልድን ደግሞ የቀለደው ሰው አያስታውሰውም፣ የሚያስታውሰው የተቀለደበት ነው። በአዳራሹ በር ላይ ያልኩትንም፣ ያሾፍኩበትንም አላነሳም። ማሻአላህ ማለቴን ብቻ ይዞ ነው የሄደው፤ አምኖኛል።

"ይሆናል" አልኩት።

ደብዳቤው ምን እንደሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፋይሉ አልተዘጋም። ሙኽታር ከደብዳቤው በኋላ በዓመቱ ተመልሶ መጣ፣ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ እኔ አነሳኋቸው፣ ፋቲያም ሌላ ዓመት ጠብቃ ሄደች። ሁለት ዓመት ከግማሽ ነው ከባሏ የተለየችው። ጀማል በሳምንቱ ሰደርያውን መልሶ ለበሰ፤ እስኪሞት ድረስም "ፋቲያ እኮ በእኔ ደብዳቤ ነው የሄደችው" እያለ ያወራ ነበር፣ እየቆየም እንግሊዝኛውን ራሱ እንደጻፈው አድርጎ። ንቀቴ ያኔም አልቀነሰም፣ አሁንም አልቀነሰም። ፋቲያ ግን ትላንት ከአውሮፓ ደውላ እያለቀሰችለት "ጥፋቴ ነው ያለ እሱ ብቻ ነው" ስትለኝ፣ "አላህ ይዘንለት" ብዬ ዘጋሁ።

ያን ቀን ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሼ ከማተሚያው አወጣሁት።

"በአማርኛ መልሰሽ አንብቢልኝ" አለኝ። "ምን እንደምፈርም ልወቅ።"

ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት። "ስለ ካሜራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም" የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰበራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተሰበረም። እንደ ሌላው ዓረፍተ ነገር አነበብኩት።

እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ። "የቀረ ነገር አለ?" አለኝ።

"የለም" አልኩት።

ፈረመ።